ጀልባ የሚሰምጠው ደረቅ መሬት ላይ ነው

(በትርፍ ጊዜያቸው የእንጨት ጀልባ ለሚሠሩና መሥራት ለሚፈልጉ ሰዎች የተደረገ ንግግር፤ ከጥቂት እርማት በስተቀር እንደተነገረ የቀረበ)

እንደምን አመሻችሁ! ኧረ ድምፃችሁ የት ገባ? እንደምን አመሻችሁ! እህ፣ አሁን ሰማሁ።

የጋበዛችሁኝን ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ። ሥራ ውላችሁ፣ ደክሟችሁ፣ ስለ እንጨትና ስለ ማጣበቂያ ለመስማት የመጣችሁትን ደግሞ የበለጠ አመሰግናለሁ። ቤተሰቦቻችሁንም አልረሳም። ጀልባ የሚሠራ ሰው ያለበት ቤት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ሳሎኑ መጋዝ ነው፣ ኮሪደሩ ሰጋቱራ ነው፣ በረንዳው ላይ ደግሞ «እንዳትነኩት፣ አልደረቀም!» የሚል ሰው ቆሟል። ይህን ችላችሁ የኖራችሁ የትዳር ጓደኞች፣ እግዜር ይስጥልኝ።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በእጄ ጀልባ መሥራት እፈልጋለሁ የምትሉ እጃችሁን አውጡ። ሁላችሁም ማለት ይቻላል። ጀምሬ ነበር የምትሉስ? ደህና፣ ግማሽ ያህሉ። ጨርሼ ውሃ ላይ አሳርፌዋለሁ የምትሉ? ... አያችሁ? እጁ እንዴት እንዳለቀ አያችሁ?

የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ነው። ሰው በእጁ ስለሠራው ጀልባ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው «አይሰምጥም?» ብሎ ነው። እኔ እስካሁን ያየሁት ሌላ ነው። በእጅ የሚሠራ ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰምጠው ውሃ ላይ አይደለም። ደረቅ መሬት ላይ ነው። ጓሮ ውስጥ፣ ጋራዥ ውስጥ፣ ላስቲክ ተሸፍኖ፣ ግማሹ ተሠርቶ ነው የሚሰምጠው። ማዕበል አይነካውም። ባለቤቱ ግን ተስፋ ይቆርጣል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ ስለ መጠን፣ ሁለተኛ ስለ መጋጠሚያ፣ ሦስተኛ ስለ ነፋስ። ስለ ደህንነት መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ፤ ሳትሰሙት ከዚህ አዳራሽ አትወጡም። ዓመተ ምሕረት ስጠራ ሁሉንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እንጀምር። አንደኛ፣ መጠን።

አንድ የማውቀው ሰው ነበር። ስሙን አልጠራም፣ ጎበዝ ባለሙያ ነው። ባሕር አቋርጣለሁ ብሎ አሥር ሜትር የሚሆን ጀልባ ጓሮው ውስጥ ጀመረ። የመጀመሪያው ዓመት ሠርግ ነበር። ጓደኛ ይመጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ አጽሙ ሲቆም ሁላችንም አጨበጨብን። ከዚያ ሥራ በዛበት። ከዚያ ልጅ ተወለደ። ከዚያ የእንጨት ገንዘብ አለቀ። እኔ መጨረሻ ላይ ሳየው የጀልባው ሆድ የልጆቹ መጫወቻ ሆኗል፣ ያልተቀባው እንጨት ጠቁሯል፣ እሱም ቤቱ ስንገባ ፊቱን ወደዚያ ማዞር አይወድም። እንግዳ ሲጠይቀው «በቅርቡ እጨርሰዋለሁ» ይላል። ማን ደፍሮ ምን ይለዋል?

ይህ ሰው ሰነፍ ነበር? በፍጹም። ያሸነፈው ሒሳቡ ነው። ስሙኝ፣ የጀልባን ርዝመት እጥፍ ስታደርጉ ሥራው እጥፍ አይሆንም። ርዝመቱ ሁለት እጥፍ፣ ወርዱ ሁለት እጥፍ፣ ጥልቀቱም ሁለት እጥፍ ይሆናል። ሁለት ሲባዛ በሁለት፣ ሲባዛ በሁለት። ስምንት! አራት ሜትር የነበረውን በዚያው ቅርጽ ስምንት ሜትር ካደረጋችሁት ክብደቱ ስምንት እጥፍ ነው። እንጨቱም፣ ማጣበቂያውም፣ ድካሙም ወደዚያው ይሄዳል።

«በለው፣ ግን ይፈጥናል» የሚል አለ። አዎ፣ ይፈጥናል። በምን ያህል? ውሃ እየሰነጠቀ የሚሄድ ጀልባ ከፊቱ ማዕበል ያነሳል። ሲፈጥን ማዕበሉ ይረዝማል። የማዕበሉ ርዝመት የጀልባውን ርዝመት ሲያክል ጀልባው በሠራው ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል፣ አፍንጫውን ቀና አድርጎ የራሱን ማዕበል መውጣት ያቅተዋል። ስለዚህ የእንዲህ ዓይነት ጀልባ ፍጥነት የሚያድገው በርዝመቱ ስኩዌር ሩት ነው። ውሃ የሚነካው ርዝመቱ 4 ሜትር ከሆነ ወደ 9 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል። 9 ሜትር ከሆነ ወደ 13.5 ኪሎ ሜትር። በቃ! ከአሥራ አንድ እጥፍ በላይ የሚከብድ ጀልባ ሠርታችሁ የምታገኙት በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ተኩል ጭማሪ ነው። ያዋጣል?

እሺ፣ ትንሽ ጀልባ ማለት የልጅ ጨዋታ ማለት ነው? እስቲ ታሪክ እንይ። በ1947 አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ክሊርዋተር በምትባል ከተማ፣ ክላርክ ሚልስ የሚባል ጀልባ ሠሪ ነበር። ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ሆነው በቀላሉ የሚሠሩት ጀልባ ንደፍልን አሉት። ሰውየው ከምን ተነሳ? ከኮምፔርሳቶ። ከፕላይውድ ማለቴ ነው። ያኔም ዛሬም የአንዱ ሉህ ርዝመት 2 ሜትር ከ44 ነው። ስለዚህ ጀልባውን 2 ሜትር ከ30 አደረገው። አፍንጫው ሹል ያልሆነው፣ እንደ ሳጥን ድፍን ያለው ለዚህ ነው። ያ ጀልባ ኦፕቲሚስት ይባላል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ልጆች ሸራ የሚማሩበት ጀልባ እሱ ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ጃክ ሆልት የሚባል የጀልባ ነዳፊና ባሪ በክነል የሚባል ሰው ተገናኙ። በክነል በቴሌቪዥን ለሕዝቡ ቤታችሁን ራሳችሁ አድሱ እያለ የሚያስተምር ሰው ነበር። ዴይሊ ሚረር የተባለው ጋዜጣ ደገፋቸው፣ ጀልባውም ሚረር ተባለ። ርዝመቱ 3 ሜትር ከ30። ሸራው ቀይ። ተራ ሰው በተራ መሣሪያ ቤቱ ውስጥ እንዲሠራው ታስቦ የተነደፈ። ከ70,000 በላይ ተሠርቷል። ሰባ ሺህ! ከነዚህ ውስጥ ስንቱ በአስተማሪ፣ በሹፌር፣ በጸሐፊ እጅ እንደተሠራ አስቡት። መርከብ ሠሪ አልነበሩም። ጀልባው ትንሽ ስለነበረ ጨረሱት።

ለማመን የሚያስቸግር ነገርም ልጨምር። ጄምስ ዋራም የሚባል እንግሊዛዊ በ1954 ሰባት ሜትር የምታክል፣ ሁለት ሆድ ያላት ጀልባ በእጁ ሠራ። ታንጋሮአ ይላታል። ከሁለት ጀርመናውያን ሴቶች ጋር ሆኖ በ1955 እና በ1956 አትላንቲክን ተሻገረባት። ሰባት ሜትር ነው የምላችሁ! አሁን ተነስታችሁ አትላንቲክ ሂዱ አላልኩም። ሰውየው ትልቅ ጀልባ እስኪኖረው አልጠበቀም ነው የምለው።

አንድ ወጣት ባለፈው ጊዜ «ጆሹዋ ስሎከምስ? እሱ አሮጌ ጀልባ በእጁ እንደ አዲስ ገንብቶ ዓለምን ለብቻው አልዞረም ወይ?» አለኝ። ዞሯል። በ1895 ተነስቶ በ1898 ተመለሰ፣ የመጀመሪያው ሰው ነው። ጀልባውም 11 ሜትር ገደማ ነበር። ግን ወዳጄ፣ ስሎከም ዕድሜውን ሙሉ ባሕር ላይ የኖረ ካፒቴን ነው! አንተ ባለፈው ሳምንት ነው መጋዝ የገዛኸው።

ስለዚህ የእኔ መስፈሪያ ይህች ናት። የመጀመሪያ ጀልባችሁ ሁለት ሰው ተሸክሞ ከቤት ሊያወጣው የሚችል ይሁን። ከሦስት እስከ አራት ሜትር ይበቃል። ከመጀመራችሁ በፊትም በሩን ለኩ! በሩን! አትሳቁ፣ የምሬን ነው። ጀልባው በበሩ የማይወጣ ከሆነ ጀልባውን አሳጥሩ፣ ግድግዳ አታፍርሱ።

ሁለተኛው፣ መጋጠሚያ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ የምወደው እሱን ስለሆነ።

ጀልባ ማለት ብዙ እንጨት አይደለም፤ ብዙ መጋጠሚያ ነው። እንጨቱማ ድሮም ይንሳፈፋል። ውሃ የሚገባው በመጋጠሚያው ነው። የጀልባ ሥራ ታሪክ በሙሉ «ሁለት እንጨት እንዴት አድርጌ ውሃ እንዳያስገባ ላያይዝ?» የሚል የአንድ ጥያቄ ታሪክ ነው ብል አላጋነንኩም።

በ1954 ግብፅ ውስጥ፣ ከታላቁ ፒራሚድ አጠገብ፣ ከመሬት በታች ተፈታቶ የተቀበረ መርከብ ተገኘ። የንጉሥ ኩፉ ነው። አራት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ከ43 ሜትር በላይ ይረዝማል፣ እንጨቱ የሊባኖስ ዝግባ ነው። ሳንቆቹ በምን ተያያዙ? በገመድ! እንጨቱ ተበስቶ፣ ገመዱ በቀዳዳው ገብቶ፣ ጎንና ጎኑ ተሰፍቶ። እንጨቱ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ገመዱ ሲርስ ይጠብቃል፣ ክፍተቱ ይዘጋል።

ዛሬ እኛ ቤታችን የምንሠራበት ዘዴም መስፋት ነው ብላችሁስ? በገመድ ፋንታ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። ወይም የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት የፕላስቲክ ማሰሪያ። ኮምፔርሳቶውን በንድፉ መሠረት ትቆርጣላችሁ። ከጠርዙ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብላችሁ፣ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ትበሳላችሁ። ሁለቱን ጠርዝ ገጥማችሁ በሽቦ ትጠመዝዛላችሁ። ጠፍጣፋ የነበረው እንጨት ዓይናችሁ እያየ ይታጠፋል፣ ሆድ ያወጣል፣ አፍንጫ ያወጣል። ጠዋት ወለሉ ላይ የተጋደመ ሳንቃ ነበር፣ ማታ ጀልባ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ? ከሥራው ሁሉ የዚያን ቀን የሚያህል ደስታ የለም። ችግሩ፣ ብዙ ሰው የዚያን ቀን ማታ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም፣ ገና ነው!

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እኔ ስሰፋ አንድ በዕድሜ የገፉ አናጺ ጎረቤቴ መጥተው ቆሙ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዝም ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ምስማሩስ?»

«የለውም አባባ።»

«ታዲያ በምን ሊቆም ነው?»

«በሽቦ ይሰፋል፣ ከዚያ ይለጠፋል፣ ከዚያ ሽቦው ይወጣል።»

«ሽቦውም ይወጣል?» አሉ። «ታዲያ ምን ቀረ?»

ነገር አላበዛሁም። በቁርጥራጭ የሠራሁትና በደንብ የደረቀ ናሙና ነበረኝ፣ ሁለት እንጨት በኤል ቅርጽ የተጣበቀ። ሰጠኋቸው። መሬት ላይ አስቀምጠው በመዶሻ አንድ ጊዜ አሉት። ቋ! አነሱት፣ መነጽራቸውን አድርገው ገለባበጡት። የተሰበረው ከመጋጠሚያው ሦስት ጣት ያህል ራቅ ብሎ ነው። እንጨቱ ተሰብሯል፣ መጋጠሚያው አልተነካም። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ጓንት አምጣ» አሉኝ። ጀልባው እስኪያልቅ ድረስ አብረውኝ ሠሩ፣ የመላጊያ አያያዜንም አስተካከሉልኝ።

መጋጠሚያው እንዲህ የሚጠነክረው እንዴት ነው? ኢፖክሲ የሚባለው ማጣበቂያ ሁለት ፈሳሽ ነው፣ ሙጫውና ማጠንከሪያው። በመጀመሪያ ንጹሑን ፈሳሽ በብሩሽ ለእንጨቱ ታጠጡታላችሁ። ከዚያ የቀረውን በደቃቅ የእንጨት ዱቄት ታሹታላችሁ። መጠኑ እንዴት ይታወቃል? ማንኪያውን ገልብጡት። የሚወርድ ከሆነ ገና ነው፣ ዱቄት ጨምሩ። ማንኪያው ላይ ቀጥ ብሎ ከቀረ ደርሷል። ያንን በማዕዘኑ ውስጥ ሞልታችሁ፣ ጫፉ በተድቦለቦለ እንጨት አንዴ ስባችሁ ታለሰልሱታላችሁ። አንዴ! መመላለስ ያበላሸዋል። ማዕዘኑ ሹል መሆኑ ቀርቶ ጎድጎድ ያለ ክብ ይሆናል፣ ጭነቱ በአንድ መስመር ላይ ሳይሆን ሰፋ ብሎ ያርፋል። ከላዩ የፋይበርግላስ ጥብጣብ ታለብሱታላችሁ። ከውጭ በኩልም ሽቦውን አውጥታችሁ፣ ጠርዙን ድቡልቡል አድርጋችሁ እንደዚያው። ሲደርቅ ሁለቱ እንጨት አንድ ሆነዋል።

ማስጠንቀቂያ አለኝ። ልኩ አምራቹ የጻፈው ነው። ሁለት ለአንድ የሆነ አለ፣ አምስት ለአንድ የሆነም አለ። «ቶሎ እንዲደርቅልኝ ማጠንከሪያ ላብዛ» የሚል ሰው አይጠፋም። አይደርቅም! ኢፖክሲ እንደዚያ አይሠራም። አንዱ ሞለኪውል ከሌላው ጋር በልክ ነው የሚያያዘው፣ የተረፈው ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ሌላው፣ ብዙ አትበጥብጡ። ሲጠነክር ሙቀት ያወጣል። ጥልቅ ኩባያ ውስጥ ከተተወ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ የበለጠ ይፈጥናል፣ የበለጠ ይግላል። አንድ ጓደኛዬ ሊረዳኝ መጥቶ፣ ኩባያውን ይዞ ስልክ ሊያናግር ወጣ። ስልኩ ረዘመ። «ኧረ ይሄ ነገር እየጨሰ ነው!» ሲል ሰማሁት። ኩባያው ቀልጦ ተጣሟል። ስለዚህ ሰፊ ሳህን ላይ ዘርጉት፣ የምትጨርሱትን ያህል ብቻ። ጓንት ደግሞ ሁልጊዜ! ዛሬ ምንም አላደረገኝም ማለት ነገም ምንም አያደርገኝም ማለት አይደለም። ሰውነት አንዴ ከጠላው ለዘለዓለም ነው የሚጠላው፣ ያኔ ጀልባ መሥራት ቀረ ማለት ነው። ስትሞርዱና በብርጭቆ ወረቀት ስትፈትጉ ደግሞ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

ኮምፔርሳቶውስ? ለባሕር ተብሎ የተሠራ ዓይነት አለ፣ ካገኛችሁት እሱን። ካላገኛችሁ ግን ከምትገዙት ላይ ቁራጭ ለምናችሁ ወስዳችሁ ቀቅሉት። አዎ፣ ድስት ውስጥ! ደጋግማችሁ አፍሉት፣ አድርቁት። ንብርብሩ ከተላቀቀ ማጣበቂያው ውሃ አይችልም፣ አትግዙ። ጎኑንም እዩት። በንብርብሩ መሀል ክፍተት ካለ ውሃ መኖሪያ አገኘ ማለት ነው። ለምንለው መጠን 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃል። አራት ሜትር ጀልባ ከአንድ ሉህ ስለሚረዝም ሁለት ሉህ ትቀጥላላችሁ። የሁለቱንም ጫፍ እየሳሳ እንዲሄድ በመላጊያ ሰያፍ አድርጋችሁ፣ የሰያፉ ርዝመት የውፍረቱ ስምንት እጥፍ፣ ማለትም 48 ሚሊ ሜትር ሆኖ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ማጣበቅ ነው።

ቀለም? የወደዳችሁትን ቀቡ። ብቻ ቀቡት፤ ኢፖክሲ ፀሐይ አይችልም፣ ሳይቀባ ከተተወ ይሞታል።

ስለ መበስበስ ግን አንድ ነገር። እንጨት የሚያበሰብሰው ውሃ ሳይሆን ፈንገስ ነው። ፈንገስ ደግሞ እርጥበትም አየርም ይፈልጋል። እንጨቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ከሆነ አይበላውም። ጨው ውሃም ብዙ አይመቸው። በጣም የሚመቸው የዝናብ ውሃ ነው፣ ያውም ጥግ ላይ ተጠራቅሞ የተረሳ። ስለዚህ ጀልባችሁን ስታስቀምጡ ገልብጡት፣ ከመሬት ከፍ አድርጉት፣ ሥሩ ነፋስ ይግባበት። የእንጨቱን የተቆረጠ ጫፍ ሁሉ በኢፖክሲ ድፈኑ፤ ውሃ የሚጠጣው በዚያ በኩል ነው። ብሎን የምትበሱበትንም ቀዳዳ መጀመሪያ አስፍታችሁ ብሱ፣ በኢፖክሲ ሙሉት፣ ከደረቀ በኋላ በመሀሉ ድጋሚ ብሱ። ብሎኑ ከእንጨቱ ጋር አይገናኝም፣ እንጨቱም ውሃ አያገኝም። ትዕግስት ይጠይቃል፣ አውቃለሁ።

ደክሟችኋል? በርቱ፣ ደስ ወደሚለው ደረስን። ሦስተኛ፣ ነፋስ።

የእህቴን ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ይዣት ስወጣ ነፋሱ ከኋላችን ነበር። ሸራው ሞልቶ እየገፋን ነው። እሷም እየሳቀች ነው። ትንሽ ቆይታ ግን ዞር ብላ ዳርቻውን አየችና ዝም አለች።

«አጎቴ፣ ነፋሱ ወደዚያ ነው የሚገፋን። እንዴት ነው የምንመለሰው?»

ይህ ከጥያቄዎች ሁሉ ምርጡ ነው! ይህን ጥያቄ ሳይመልስ ሸራ የሚሰቅል ሰው መመለሻው በመቅዘፊያ ነው። መልሱ ጀልባው ሆድ ውስጥ አለ። በመሀሉ ወደ ውሃው ቁልቁል የሚወርድ ሳንቃ አለ፣ የመሀል ሳንቃ እንበለው። ነፋስ ሸራውን ወደ ጎን ሲገፋው ጀልባው ወደ ጎን መንሸራተት ይፈልጋል። ሳንቃው አይሆንም ይላል። ውሃ ከአየር ስምንት መቶ እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ ያች ትንሽ ሳንቃ ያንን ትልቅ ሸራ ትይዘዋለች። እርጥብ የሎሚ ዘር በሁለት ጣት ስትጫኑት ምን ይሆናል? ተፈናጥሮ ወደ ፊት ይሄዳል። ነፋስ ከአንድ ወገን፣ ውሃ ከሌላ ወገን ይጫኑታል፣ ጀልባው ወደ ፊት ይወጣል። ሸራውም ዝም ብሎ ነፋስ የሚያቁር ከረጢት አይደለም። ሆዱ በልክ ሲነፋ ልክ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ነው የሚሠራው፤ አውሮፕላኑን ሽቅብ የሚያነሳው ኃይል ጀልባውን አግድም ይስበዋል።

ቀጥታ ወደ ነፋሱ መሄድ ግን አይቻልም። የትኛውም ባለ ሸራ ጀልባ አይችልም። ከነፋሱ በ45 ዲግሪ ገደማ ጎን ብላችሁ ትሄዳላችሁ፣ ከዚያ አፍንጫውን በነፋሱ ውስጥ አሳልፋችሁ ወደ ሌላኛው ጎን ታዞራላችሁ። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያው ዙር ላይ ጭንቅላቷን ዝቅ ስታደርግ የሸራው እንጨት በላይዋ አለፈ። ሁለተኛው ላይ ገመዱን ራሷ ያዘች። «እየተመለስን ነው እንዴ? እውነት እየተመለስን ነው?» ትላለች። ነፋሱ ፊቷ ላይ ነው፣ ዳርቻው እየቀረበ ነው። ምን ልበላት? ሳቅሁ።

ሸራውና ሳንቃው ግን መስማማት አለባቸው። የሸራው ግፊት በአማካይ የሚያርፍበት ነጥብ አለ፣ ሳንቃው የሚመክትበትም ነጥብ አለ። የሸራው ነጥብ ወደ ፊት ከሄደ ጀልባው ከነፋስ መሸሽ ይፈልጋል። ወደ ኋላ ከሆነ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ያዞራል። የቱ ይሻላል? ሁለተኛው፣ ትንሽ ብቻ። ለምን? እስቲ አስቡት፣ ድንገት ወድቃችሁ መሪውን ለቀቃችሁ። ከነፋስ የሚሸሽ ጀልባ ትቷችሁ ይነጉዳል ወይም ይገለበጣል። አፍንጫውን ወደ ነፋስ የሚያዞር ጀልባ ግን ሸራው እየተንቦጀቦጀ በራሱ ይቆማል። ስለዚህ የመጀመሪያ ቀን፣ ቀለል ባለ ነፋስ፣ መሪውን ሆን ብላችሁ ልቀቁትና እዩት። እየሸሸ ከሆነ ሸራው የሚሰቀልበትን ምሰሶ ትንሽ ወደ ኋላ ማዘንበል ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል። ንድፍ ላይ ያለውን የሳንቃና የምሰሶ ቦታ «ለመቀመጫ ይመቸኛል» ብላችሁ የምታንቀሳቅሱ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ። እባካችሁ!

ሸራውን ቀላል አድርጉት። ምሰሶው አጭር ሆኖ፣ ሸራው ከላይ በአግድም እንጨት ላይ ታስሮ በአንድ ገመድ ብድግ የሚልበት ጥንታዊ ዓይነት ለጀማሪ ይመቻል። ምሰሶውን የሚወጥር የብረት ገመድ አያስፈልገውም፣ ነፋስ ሲበረታ ገመዱን ስትለቁት ዱብ ይላል። ለሙከራ ጠንካራ የፕላስቲክ ሸራ ቆርጣችሁ ብትሰፉም ይሠራል። ነፋስ ሲበረታ ሸራውን የምታሳንሱበት ማሳጠሪያ ገመድ ግን ከመጀመሪያው ይኑረው። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የነበረው 20 ሲሆን ሁለት ሰው አይደለም የሚገፋችሁ፣ አራት ነው። «ሸራ ላሳጥር ወይስ ይቆይ?» ብላችሁ ካሰባችሁ ጊዜው አሁን ነው፣ አሳጥሩ።

አሁን ያልኳችሁ ደህንነት። እዚህ ላይ አልቀልድም።

ጀልባችሁ ይገለበጣል። ይገለበጥ ይሆናል አላልኩም፣ ይገለበጣል። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል ነው። ስለዚህ ከመቀመጫዎቹ ሥር የታሸገ የአየር ሳጥን ወይም ፎም ይኑር። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፣ ስለዚህ መቶ ሊትር ፎም የራሱ ክብደት ተቀንሶ መቶ ኪሎ ገደማ ያንሳፍፋል። ሞተር፣ መልህቅ፣ ሰዎቹን ጨምራችሁ አስሉት። በግራና በቀኝ፣ በፊትና በኋላ እኩል ይከፈል፤ በአንድ ጫፍ ብቻ ከሆነ ጀልባው ሽቅብ ቆሞ ይቀራል። ከዚያ ወገብ በሚደርስ ውሃ፣ ጓደኞቻችሁ ባሉበት፣ ሆን ብላችሁ ገልብጡት። የመሀል ሳንቃው ላይ ወጥታችሁ አቅኑት። ውሃ ሞልቶ ይንሳፈፋል ወይ? ሰው ገብቶበት ውሃውን መቅዳት ይቻላል ወይ? ይህን ሳትሞክሩ ልጅ አታሳፍሩበት።

የሕይወት አድን ጃኬት ይለበሳል። መቀመጫ ሥር አይቀመጥም። የተገለበጠ ጀልባ ትታችሁ ደግሞ ወደ ዳርቻ አትዋኙ። ዳርቻ ሁልጊዜ ከሚመስለው ይርቃል። ጀልባው ትልቅ ስለሆነ ይታያል፣ የዋናተኛ ጭንቅላት አይታይም። ጀልባውን ያዙ።

የመጨረሻዋን ልንገራችሁና ልጨርስ። ውሃው ዳር ቆማችሁ ታያላችሁ፣ ውሃው ጸጥ ያለ ነው፣ መስተዋት ነው። ነፋሱ ከጀርባችሁ ነው። «ግሩም ቀን!» ትላላችሁ። ተጠንቀቁ! ነፋስ ከየብስ ወደ ውሃ ሲነፍስ ዳር ላይ ማዕበል ለማንሳት ቦታ የለውም። ዛፉና ጉብታውም ይከልለዋል። ወደ ውስጥ በገባችሁ ቁጥር ነፋሱም ማዕበሉም ይበረታል፣ የሚገፋችሁም ከዳርቻው ወደ ውጭ ነው። ለጀማሪ ጥሩ ነፋስ ከጎን የሚነፍስ ለዘብ ያለ ነፋስ ነው። ሂዶ መመለስ የሚቀለው በሱ ነው። መቅዘፊያም ሁልጊዜ ይኑራችሁ፤ ነፋስ ያልቃል።

እኔ ጨረስኩ። እዚያ ጠረጴዛው ላይ ካርቶን፣ መቀስና ማጣበቂያ ፕላስተር አለ። የሦስት ሜትር ተኩል ጀልባ ንድፍ በአንድ አሥረኛ መጠን ካርቶኑ ላይ ሥዬዋለሁ። ቆርጣችሁ ግጠሙት። ካርቶኑ ከተገጣጠመ ኮምፔርሳቶውም ይገጣጠማል። ጥያቄ ያላችሁ እዚያው እየሠራችሁ ጠይቁኝ። የመቀሱ ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተጠቀሙ።